የታሸገው የድጋፍ ደብዳቤ

ጥቅምት 4

ለተከበሩ ጋሼ፣

ይህች ወረቀት እጅዎ ስትገባ ጤናዎ የተሟላ፣ ሥራዎም የተቃና ሆኖ ታግኝዎ። እኛ ደህና ነን። እናትዎን፣ እቴቴን፣ «ምን ብዬ ልጻፍልሽ?» ስላት፣ «ደህና ናት በይው፤ ግን በጣም ደህና ናት እንዳትይው፣ ይረሳኛል» አለችኝ። እንደ አፏ ጻፍኩት።

የዘንድሮው ማመልከቻዬም መልስ መጣ። «እናዝናለን» ይላል። ሦስተኛው «እናዝናለን» መሆኑ ነው። ከራሴ ይልቅ ያሳፈረኝ እርስዎን ማሳፈሬ ነው። ያን ሁሉ ሥራ ይዘው በየዓመቱ ጊዜ ፈልገው የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፉልኝ፣ እኔ አንዲት የውጭ ትምህርት ፌሎሺፕ ይዤ መገኘት አቃተኝ። አማካሪዬ፣ ያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ የሚፈልገው፣ «የዚህ ሥራ መውደቅ አይገባኝም፤ አንድ ነገርማ አለ» እያለ ይብሰለሰላል። እኔ ግን ጉድለቱ የኔ ነው ብዬ ተቀብዬዋለሁ።

ሥራዬ ያው የእህል ሻጋታ ነው። ከየመጋዘኑ በቆሎ እየለቀምኩ የትኛው ሻጋታ መርዝ እንደሚያወጣ፣ እህሉስ ምን ያህል ሲረጥብ እንደሚያወጣ እለያለሁ። ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ ሻጋታውን በሙቀት የማበቅልበት ኢንኩቤተር ሲቀዘቅዝ የስድስት ሳምንት ልፋት ገደል ገባ። ሳህኖቹን እያጠብኩ አለቀስኩ፤ ታጥበው ሲደርቁ እንደገና ጀመርኩ።

የእቴቴ ግራ ጎን አሁንም አልታዘዝ ብሏታል። በየሁለት ሰዓቱ አገላብጣታለሁ፤ ቀን ላቦራቶሪ ስሆን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ታግዘኛለች፣ በምሳ ሰዓት እኔው እየሮጥኩ እመጣለሁ። ንግግሯ ተኮላትፎ ከኔና ከልብስ ሰፊዋ በቀር የሚለይላት ሰው የለም። ስልክ አልነካም ማለቷም እንዳለ ነው። «ሠላሳ ዓመት ስልክ ቤት ተቀምጬ የሰው ምስጢር ጆሮዬ ውስጥ ሲንቆረቆር ኖሯል፤ የኔን ማንም አይሰማም» ትላለች። እንግዲህ በወረቀት እንቀጥላለን። ከታች ያለችው የተጣመመች መስመር የእሷ ናት፤ እስክሪብቶ በቀኝ እጇ አስይዣት የጫረቻት ሰላምታ ናት።

አሁን ልመናዬ። ለአራተኛ ጊዜ ልሞክር ስለሆነ፣ ከሰለቸሁዎት ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፉልኝ። ጀርባዋ ላይ ለወጣው ቁስልም ያ የቀደመው ቅባት ቢገኝ ጥሩ ነበር።

ታናሽዎ ሚጢ

———

ኅዳር 21

ለምወድሽ ለሚጢ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ ዕድሜሽ ይርዘም። የእማዬን መስመር ሳይ ዓይኔ እንባ ሞላ። በመስኮት ጸጥ ያለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ይታየኛል፤ ልቤ ግን እናንተ ጋ ነው።

ስለ ፌሎሺፑ ልብሽ አይሰበር። እኔም በመራጭ ኮሚቴ ተቀምጬ አውቃለሁ፤ ግማሹ ችሎታ፣ ግማሹ ዕጣ ነው። ደግሞ ወጣት ነሽ፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ምን አላት? ሰው ባለበት ሆኖም ይሠራል። ሁሉም ሳይንቲስት ባሕር ማዶ መሄድ አለበት ያለ ማነው?

የድጋፍ ደብዳቤውን ዛሬውኑ ጽፌ ለኮሚቴው ልኬያለሁ። እንደ ደንቡ የታሸገ ስለሆነ ቅጂ ልልክልሽ አልችልም፤ አፌን ሞልቼ እንደመሰከርኩልሽ ግን እወቂ።

ደስ የሚልሽ ዜና ልንገርሽ። ሃያ ዓመት የጠበቅኩት ከፍተኛ የተመራማሪነት ፌሎሺፕ ለኔ ተሰጠ! ከመስከረም ጀምሮ ማስተማር የለ፣ ስብሰባ የለ፤ የራሴ ላቦራቶሪ፣ የራሴ ስድስት ተማሪዎች። ይህ የሆነው እማዬ በጥሩ እጅ መሆኗን አውቄ ሐሳቤን ሰብስቤ ስለሠራሁ ነው። አንቺ ባትኖሪ እኔ እዚህ አልቆምም ነበር። ይህን ማንም ፊት እናገረዋለሁ።

ቅባቱንና የደም ግፊት ክኒኑን በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ። እማዬን ግንባሯን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ጋሼ

———

ጥር 17

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንኳን ደስ አለዎ። ፌሎሺፑን ለእቴቴ ስነግራት በቀኝ እጇ ፍራሹን መታ መታ አደረገችው፤ የሷ ጭብጨባ ነው። ቅባቱ ደርሶናል፣ ቁስሉም እየጠገገ ነው። ያሰቡልንን ሁሉ ፈጣሪ ይመልስልዎ።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። ያ ፌሎሺፕ የሚሰጠው ድርጅት ከእንግዲህ ማመልከቻ በወረቀት አልቀበልም፣ ሁሉም በኮምፒውተር ይሁን ብሎ፣ የቆዩትን ፋይሎች ጠቅልሎ ለየዩኒቨርሲቲው መልሷል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ጠራችኝና፣ «ያንቺ የሦስት ዓመት ጉድ ይሄው፣ መደርደሪያዬን ልቀቂልኝ» ብላ ወፍራም ፖስታ አስታቀፈችኝ። ውስጡ ምን ምን እንዳለ ገና አላየሁም። ሻንጣዬ ውስጥ አድርጌዋለሁ።

ለመሆኑ አመልካች የራሱን ፋይል ማየት ይፈቀድለታል? እርስዎ በኮሚቴ ስለተቀመጡ ያውቃሉ ብዬ ነው።

ታናሽዎ ሚጢ

———

ጥር 28፣ በፈጣን መልእክት

ለሚጢ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። በጥድፊያ ነው የምጽፍልሽ።

ያ ፖስታ መከፈት የለበትም። የድጋፍ ደብዳቤ ማለት በጸሐፊውና በኮሚቴው መካከል ያለ አደራ ነው፤ አመልካቹ አነበበው ከተባለ ወደፊት በየትም ቦታ ስሟ ይበላሻል። ሠራተኛዋም ልትጠየቅ ትችላለች። አሁኑኑ መልሺላት፣ ካልተቀበለችሽ አቃጥዪው። ይህን የምለው ላንቺ አስቤ ነው። እንዳቃጠልሽው ደግሞ ወዲያው ጻፊልኝ።

እማዬ እንዴት ናት? ሌላ የሚያስፈልጋችሁ ነገር ካለ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ንገሪኝ።

ጋሼ

———

መጋቢት 19

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንደ ወትሮው በሰላም፣ በጤና፣ በደስታ ይሰንብቱልኝ።

ምክርዎ ደርሶኛል። ስለ ፖስታው አያስቡ፤ ማንም እጅ የማይገባበት ቦታ አስቀምጬዋለሁ። ስለ መዘግየቴ ይቅርታ፤ ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኝ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ካለ ብለው ስለጠየቁ፣ ምንም አያስፈልገንም። የድጋፍ ደብዳቤም ከእንግዲህ አላስቸግርዎትም። እቴቴ ግን የፌሎሺፕዎን ነገር በዝርዝር ካልነገርሽኝ ብላ አስጨንቃኛለች። የመክፈቻው ቀን በትክክል መቼ ነው? ንግግር ያደርጋሉ? ያን ቀን ቢቀሩ ምን ይሆናል? በቀኑ እዚህ ሆነን እንድናስብዎ ነው።

ታናሽዎ ሚጢ

———

ግንቦት 30

ለውዷ ሚጢ፣

ሰላምና ጤና ከቤታችሁ አይራቅ። ነገሩን በማስተዋል በመያዝሽ ኮርቼብሻለሁ። ትልቅ ሰው ሆነሻል።

ለእማዬ እንዲህ በያት፦ መክፈቻው መስከረም 12 ነው። ሦስት መቶ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ የመጀመሪያውን ንግግር የማደርገው እኔ ነኝ። አዲስ ሱፍ አሰፍቻለሁ። መቅረት ብሎ ነገርማ የለም፤ ተመራጩ በዚያ ሳምንት ሥራ ካልጀመረ ቦታው ለተጠባባቂው ይተላለፋል። ተጠባባቂው ደግሞ ጎኔ ያለው ቢሮ ውስጥ የሚሠራ፣ በደረጃው ላይ ስንተላለፍ ሰላምታ የማይሰጠኝ ሰውዬ ነው። ጥርሱን እንደነከሰ ይቀራል!

ስላንቺም አስቤያለሁ። ዲኑን አውቀዋለሁ፤ እዚያው ዲፓርትመንት ቋሚ የላቦራቶሪ ረዳትነት እንዲሰጡሽ እጽፍለታለሁ። ከቤት ቅርብ ነው፣ ለእማዬም ይመቻል።

ወንድምሽ ጋሼ

———

ነሐሴ 20፣ በፈጣን መልእክት

ላንተ፣

ይህን ስታነብ ቆመህ ከሆነ ተቀመጥ።

ፖስታውን ጥር ላይ ነው የከፈትኩት፤ «ገና አላየሁም» ብዬ ስጽፍልህ ሦስቱም ደብዳቤዎችህ ጉልበቴ ላይ ነበሩ። ምን እንደምትል ለማየት ነው የጻፍኩልህ። «አቃጥዪው» አልከኝ።

የጻፍከውን ላስታውስህ። በመጀመሪያው ዓመት፦ «ታዛዥና ትሑት ናት፤ በራሷ ሐሳብ ማመንጨትን በተመለከተ ግን ገና ብዙ ይቀራታል።» በሁለተኛው፦ «ውጤቶቿ ጥሩ ናቸው፤ ከውጤቶቹ ውስጥ የአማካሪዋ ድርሻ የትኛው እንደሆነ ለመለየት እቸገራለሁ።» በሦስተኛው፦ «የቤተሰብ ኃላፊነት ስላለባት ፕሮግራሙን ትጨርሳለች ብዬ ለመመስከር አልደፍርም።» ይቺ የመጨረሻዋ ቆሽቴን አሳረረችው። ኃላፊነቱ የማን ነው? ያገላበጥኳት እናት የማን ናት?

ሰባት ወር አፌን ዘግቼ ሠራሁ። አማካሪዬ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አውርዶ ሦስቱንም አነበበና የመጀመሪያውን የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፍልኝ ወረቀት አወጣ። ስለ ሻጋታው ያሳተምኩትን ጽሑፍ ያነበበች፣ አንተ የማታውቃት አንዲት ሳይንቲስት ሁለተኛውን ጻፈችልኝ። ሰኔ ላይ ከሌላ ድርጅት የዶክትሬት ፌሎሺፕ አገኘሁ። በመጀመሪያው ሙከራ፣ ያለ አንተ ፊርማ።

ለእቴቴም ሁሉንም ወደኛ ቋንቋ እየመለስኩ አነበብኩላት። ልደብቃት አስቤ ነበር፤ ግን በጆሮዋ የኖረች ሴት ናት፣ ድምፄ ሲለወጥ ታውቃለች።

«ድገሚው» አለች። ደገምኩት።

«እጁ ነው?»

«በማሽን ነው የተጻፈው። ፊርማው ግን የሱ ነው።»

«አሳዪኝ።» ፊርማህን በቀኝ ሌባ ጣቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደችበት። «ሲማር እኔ ነኝ ያስጠናሁት፤ ይቺን መጠምዘዣዋን» አለች። ጣቷን ከወረቀቱ አነሳችና፣ «መጠየቅ አቅቶት ነው? ‹እማዬን የሚይዝልኝ የለም፣ እባክሽ ቅሪልኝ› ቢልሽ እምቢ ትዪው ነበር?»

«አልለውም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። «አሁን ግን ሂጂ። እሱ ይምጣና ይያዘኝ።»

እውነቴን ነው፤ ብትጠይቀኝ እቀር ነበር። በስድስት ዓመቴ ከእናቴ ሬሳ አጠገብ አንስታ ያሳደገችኝን ሴት ጥዬ አልሄድም ነበር። አንተ ግን መለመን ከበደህና በስሜ ላይ መቀለድ ቀለለህ።

ደብዳቤዎቹን ፌሎሺፑን ለሰጠህ ኮሚቴ መላክ እችል ነበር። አልላክኋቸውም። እነሱ ቢቀጡህ በወረቀት ነው የሚቀጡህ፤ እኔ የምፈልገው በወገብህ እንድታውቀው ነው። የአውሮፕላን ቲኬቴ የመስከረም 8 ነው። ልብስ ሰፊዋ ሦስት ቀን ትጠብቃታለች፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ሰዓትም እንደማትጨምር ምላልኛለች። መስከረም 12 ቀን ያን ሱፍህን ለብሰህ አዳራሹ ትቆማለህ ወይስ እናትህ አልጋ አጠገብ? ምርጫው ያንተ ነው፤ እኔ አርባ ጊዜ መርጬልሃለሁ።

አትደውልልኝ። ድምፅህን ከሰማሁ ስልኩን እዘጋዋለሁ፣ ቁጥርህንም አጥፍቼዋለሁ። የምትለው ካለህ ጻፍ።

ሚጢ

———

ጥቅምት 30

ለሚጢ፣

ከምታውቂው ቤት፣ ከምታውቂው አልጋ አጠገብ ነው የምጽፍልሽ። ሰላምታውን ዝለይውና እንቀጥል።

መስከረም 11 ገባሁ። አሸነፍሽ። ቦታው ለጎረቤቴ ተሰጠ፤ ንግግሩን ሲያደርግ የተነሳውን ፎቶ አንድ ተማሪዬ ላከልኝ። እየሳቀ ነው። ዩኒቨርሲቲዬ ያለ ደመወዝ የስድስት ወር ፈቃድ ሰጥቶኛል፤ ካልተመለስኩ ማስተማሩም ያበቃል።

ግድግዳው ላይ የለጠፍሽውን መመሪያ አነበብኩ። «ከማንሳትህ በፊት ንገራት፣ ዕቃ አይደለችም» ብለሻል። ሁለት አስታማሚ ቀጥሬ ነበር። የመጀመሪያዋን በሦስተኛው ቀን እማዬ ነከሰቻት። ሁለተኛዋ የመጀመሪያዋን አግኝታ ተነጋገሩ መሰለኝ፣ በራሷ ጊዜ ቀረች። አሁን የማገላብጣትም፣ ገላዋን የማጥባትም፣ ዳይፐሯን የምቀይርም እኔ ነኝ። ወገቤ ተቆርጧል። የምትናገረው አይገባኝም፤ ሳልሰማት ስቀር ዓይኗን ጨፍና የተኛች ትመስላለች። ልብስ ሰፊዋ ስትመጣ ግን ይገባታል፣ ሁለቱ ይሳሳቃሉ። በኔ እንደሚስቁ አውቃለሁ።

ለምን እንደጻፍኩት ማወቅ ትፈልጊያለሽ? ፈራሁ። ከሄድሽ ይህ ሁሉ እንደሚመጣ አውቅ ነበር፤ መጣም። የመጀመሪያውን ስጽፍ «ለአንድ ዓመት ብቻ ትቆይልኝ» ብዬ ነበር። ይቅርታ ልትጠብቂ ትችያለሽ። ሃያ ዓመቴን በአንድ ፖስታ ላቃጠለ ሰው ይቅርታ የለኝም። አንቺ ሰባት ወር መጠበቅ ትችያለሽ። እኔም እችላለሁ።

ከታች ያለችው መስመር የእሷ ናት። ለአንቺ መሆኑን ስነግራት እስክሪብቶውን ከእጄ ነጠቀችኝ።

———

ታኅሣሥ 18

ላንተ፣

ደብዳቤህን አራት ጊዜ አነበብኩት፣ ዳይፐሩ ጋ ስደርስ በየጊዜው ልቤ ቅቤ ይጠጣል። አስታማሚዋን ነከሰቻት ያልከውን ለላቦራቶሪ ጓደኞቼ ነግሬያቸው ሻይ ከአፍንጫቸው ወጣ።

እኔ ደልቶኛል። እዚህ መብራት አይሄድም። ኢንኩቤተሮቹ ዘጠኝ ናቸው፤ የኔ ብቻ የሆነው ሦስተኛው ነው፣ ስሜ ተለጥፎበታል። አስተማሪዬ በሳምንት አንዴ ታስቀምጠኝና «አንቺ ምን ታስቢያለሽ?» ትለኛለች። የመጀመሪያ ቀን ማንን እንደምትጠይቅ ለማየት ወደ ኋላዬ ዞርኩ። በራሷ ሐሳብ ማመንጨት ገና ይቀራታል ተብሎ ተጽፎልኝ የለ!

ለእቴቴ ይህን አንብብላት፦ ያ የመጋዘን ሻጋታ እዚህ ሁሉንም ጉድ አሰኝቷል፣ ሐምሌ ላይ ለእረፍት ስመጣ አጠገቧ ነው የምተኛው። ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብላት፤ ጆሮዋ ግን ደህና ነው፣ አትጩህባት። ስለኔ ምን እንደምትልም ጻፍልኝ።

ወገብህን ፈጣሪ ይማርልህ።

ሚጢ

———

የካቲት 6

ለሚጢ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን አንብቤላታለሁ። እማዬ ደህና ናት። ሰላም ብላሻለች፤ በርትተሽ ተማሪ ብላሻለች። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ጋሼ

———

መጋቢት 9

ላንተ፣

ደብዳቤህ አጠረብኝ። ተናድደህ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከታች መስመሯ የለችም። ረስተኸው ነው ወይስ እጇን አሟት ነው? ደግሞ «በርትተሽ ተማሪ» የእቴቴ ንግግር አይደለም፤ እሷ «ጠግበሽ ብዪ» ነው የምትለኝ።

ለልብስ ሰፊዋም ጽፌላት ነበር፣ ማንበብ ስለማትችል አንተ ሳታነብላት አትቀርም። ሞቅ የሚል የትከሻ ልብስ ልኬያለሁ። ስታለብሳት ከግራው ትከሻዋ ጀምር። በቀጣዩ መስመሯን ላክልኝ።

ሚጢ

———

ሚያዝያ 15

ለሚጢ፣

መስመሯ የለችም፣ ልክ ነሽ። እማዬ ጥር 19 ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞታለች። በማግስቱ ቀበርናት። «ሰላም ብላሻለች» ብዬ የጻፍኩልሽ ከተቀበረች በአሥራ ስድስተኛው ቀን ነው።

ሁለተኛው ስትሮክ ጥር 16 ጠዋት መታት። ሐኪሙ መጥቶ አያት፤ ሆስፒታል ብንወስዳትም እንደማይጠቅም፣ ሁለት ሦስት ቀን ልትቆይ እንደምትችል ነገረኝ። ያን ቀን ስልክ ብደውልልሽ በማግስቱ ትደርሺ ነበር። አስቤዋለሁ። ቁጥርሽን አውጥቼ አየሁት። «አትደውልልኝ» የሚለው ደብዳቤሽም መሳቢያው ውስጥ ነበር፤ እሱንም አውጥቼ አየሁት። አልደወልኩም። ልብስ ሰፊዋን «ነግሬያታለሁ፣ አልመጣም አለች» ብያታለሁ። ሰፈሩም ይህንኑ ነው የሚያውቀው። ሁሉም አዝኖብሻል።

አንቺ ሰባት ወር ዝም ብለሽ ጠበቅሽኝ። እኔ ሦስት ወር ጠበቅኩ። የትከሻ ልብሱ ደርሷል፣ ከነማሸጊያው አለ።

———

ግንቦት 21

ላንተ፣

ደብዳቤህን ያነበብኩት ላቦራቶሪ ውስጥ ቆሜ ነው። ከዚያ የሥራ ደብተሬን አወጣሁ፤ የየቀኑን ስለምጽፍ የጥር ቀኖች አሉ። ጥር 16፦ «አርባ ሳህን ተዘጋጀ።» ጥር 17፦ «ሳህን ቁጥር 12 ተበክሏል፣ ይጣል።» ጥር 18 አንዲት ጓደኛችን ትምህርቷን ጨርሳ የምትሸኝበት ቀን ነበር፤ ኬክ በላሁ፣ ዘፈንኩ። ጥር 19፦ «ውጤቱ ከተጠበቀው በላይ ጥሩ ነው።» ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን እሠራ እንደነበር አልጻፍኩም።

አትደውል ያልኩት እኔ ነኝ። አውቀዋለሁ፣ አንተ እንድትነግረኝ አልፈልግም። መስከረም 8 ቀን ስወጣ በቀኝ እጇ ቀሚሴን ያዘችኝና ጣቷን አንድ በአንድ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ። ሂጂ ያለችኝም እሷ ናት፣ የያዘችኝም እሷ ናት። ያኔ አንተ ወገብህ እንዲቆረጥ ቸኩዬ ነበር።

ይቅር አልልህም። ሰፈሩም የፈለገውን ይበል። ከዚህ በኋላ ደብዳቤህ ቢመጣ አልከፍተውም፤ አንዱን ብቻ ነው የምከፍተው። በእሱ ሁለት ነገር ጻፍልኝ፦ የት እንደተቀበረች፣ ሰው ሳልጠይቅ ብቻዬን ሄጄ እንዳገኛት አድርገህ። የመጨረሻ ምን እንዳለችም። ከዋሸኸኝ አውቃለሁ፣ አነጋገሯን አውቀዋለሁ።

ሚጢ

———

ሰኔ 28

ለሚጢ፣

በመቃብሩ ዋና በር ግቢና በስተቀኝ ያለውን የጠጠር መንገድ ያዢ። ሁለት የውሃ ቧንቧ ታገኛለሽ፤ ሁለተኛው ጋ ስትደርሺ ወደ ግራ ታጠፊ። አምስተኛው ረድፍ፣ ከአጥሩ ስትቆጥሪ አራተኛዋ ናት። አፈሩ ገና ስላልረጋ ድንጋይ አላስቆምኩም።

ስለ መጨረሻ ቃሏ ልዋሽሽ አስቤ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት፣ ሁለቱንም ቀደድኩት።

ጥር 16 ጠዋት ቀኝ እጇም ሲከዳት፣ «ጥራት» አለችኝ። አራት ወር ሙሉ የተኮላተፈብኝ ንግግሯ ያን ቀን ጥርት ብሎ ገባኝ። «ጠርቻታለሁ» አልኳት። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። «መቼ ትደርሳለች?» አለች። «ነገ» አልኳት። በማግስቱ ስትጠይቀኝ «በረራው ዘግይቶ ነው፣ እየመጣች ነው» አልኳት። አመነችኝ። እኔ አንቺን መቅጣቴ ነበር፤ እሷ መሐል መሆኗን በሦስቱ ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩትም። ልማለው የምችለው ነገር ቢኖር ይህን ነው።

የመጨረሻ ያለችው «አልጋውን አዙሩልኝ» ነው። በሩን ማየት ፈለገች። እኔና ልብስ ሰፊዋ አዞርንላት። ልብስ ሰፊዋ ብርዱን ፈርታ በሩን ልትገፋው ስትል «ተዪው» በሚል ዓይን እንዳየቻት ነገረችኝ፤ ስለዚህ ሁለት ቀን ተኩል ክፍት ሆኖ ቆየ። ሰው ባለፈ ቁጥር፣ ጥላ በወደቀ ቁጥር ግንባሯን ታነሳ ነበር።

ክፍሉን ታውቂዋለሽ፣ ጠባብ ነው። አልጋው ወደ በሩ ሲዞር ወንበር የሚገባው ከራስጌዋ ኋላ ብቻ ነው። እዚያ ነበር የተቀመጥኩት። እስክትሞት ድረስ ፊቷን አላየሁትም።